«ግቡ» ያለችው ሴት

የአክስቴ ልጅ ራሞና ታኬት በአርባ ሦስት ዓመቷ የወንጀል ፍትህ ልትማር ኮሌጅ ስትመዘገብ፣ በመንደራችን በሎረል ሸለቆ ሰላምታ ከነሷት ሰዎች የመጀመሪያዋ እኔ ነኝ። ወንድሟ ዴልበርት ሱስ የሚያሲዝ ክኒን ሸጠሃል ተብሎ ስምንት ዓመት ተፈርዶበት እስር ቤት ተቀምጦ፣ እሷ የአሳሪዎቹን ትምህርት ትማር? «ምን እንዳደረጉት ማወቅ እፈልጋለሁ» ትል ነበር። «ከሃዲ» አልኳት፤ የሸለቆው ሰውም ቃሌን ተቀብሎ ደገመው።

ራሞና አሥራ አራት ዓመት የተማሪዎች አውቶቡስ የነዳች ሴት ናት። ጠዋት ልጆቹን ታደርስና በዚያው የሾፌር ጃኬቷ ክፍል ትገባለች። ዲፕሎማው ሁለት ዓመት ይፈጃል። ክፍሉን የሞሉት እስር ቤት ዘበኛ ለመሆን የሚጣደፉ ጎረምሶች ናቸው።

«ማዘር፣ ወንድምሽን ልትጠብቂው ነው ወይስ ልታስመልጪው?» ይሏታል።

«አንተን ልጠብቅ ነው፤ የት እንደምትደርስ ፊትህ ላይ ተጽፏል» ትላለች። በምላስስ አትታማም።

ሪፖርት አጻጻፍ የሚያስተምራቸው ስታምፐር፣ ከወረዳው ፖሊስ፣ ከሸሪፍ ቢሮ፣ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ለመልመጃ የሚያድለው የራሱን የድሮ ሪፖርቶች ነው፣ ስሞቹን በጥቁር ቀለም እየሰረዘ። አንዱ ተነስቶ ያነባል፣ ከዚያ የጎደለው ነገር ይነገራል። በመጋቢት አንድ ማክሰኞ ለራሞና የደረሳት ዴልበርት የተያዘበት ሪፖርት ሆነ። ስሙ ቢሰረዝም ከእናቱ ጋር የሚኖርበት ቤት ሰማያዊ በረንዳና ባለ ሦስት እግሩ ውሻቸው አልተሰረዙም። «የቤቱ እመቤት በር ላይ ቆማ ግቡ ስላለችን ገብተን ፈተሽን» ይላል። የፍርድ ቤት ትእዛዝ አልያዙም ነበር፤ ያስገባቸው ያ ቃል ብቻ ነው።

«የጎደለ ነገር አለ?» አለ ስታምፐር።

«እውነት ጎድሏል። የዚያ ቤት እመቤት እናቴ ነበረች። ስትሮክ ከመታት ሰባት ወር ሆኗት ነበር፤ አንድ ቃል ካፏ አይወጣም።»

«ቁጭ በይ።»

«እርስዎ ዋሽተዋል!» አለችው፣ በሰው ሁሉ ፊት።

ሐሙስ የኮሌጁ ኮሚቴ ፊት ቀርባ ያለችውን ካላረጋገጠች እንደምትባረር ተነገራት። ለመመረቅ ስድስት ሳምንት ቀርቷት ነበር።

«ግቡ» ያለችው ሴት እኔ ነበርኩ። በዚያን ቀን አክስቴን ላበላ ሄጄ፣ አልጋዋ አጠገብ ተቀምጬ ፎሶሊያ ስቆርጥ በረንዳው ላይ ኮቴ ሰማሁ። እኛ ዘንድ በረንዳ የረገጠን ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ ከመቀመጫ ሳይነሱ «ግቡ» ማለት ነው፤ ማነህ ብሎ መጠየቅ ነውር ነው። ግቡ አልኩ። ገቡ፤ ክኒኑን አግኝተው ዴልበርትን በካቴና ይዘውት ወጡ። መንግሥት የሰጠው ጠበቃ ኮሪደር ላይ ሩብ ሰዓት አናግሮት «ጥፋተኛ ነኝ ብለህ ፈርም» አለው፣ ፈረመ። ሪፖርቱን ከመካከላችን ያነበበ አልነበረም። ራሞናን የጠላኋት ለዚህ ነው፤ ማንበብ ከጀመረች እኔ ጋ እንደምትደርስ አውቅ ነበር።

ረቡዕ ቤቴ መጣች። የሪፖርቱን ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋችው።

«ቨርሊ፣ ስታስታምሚያት የነበርሽው አንቺ ነሽ፤ እማዬ መናገር እንደማትችል፣ እዚያ ቤትም ሌላ ሴት እንዳልነበረ መስክሪልኝ።»

«ውጪልኝ።»

«ፈርሚና እወጣለሁ።»

«የፖሊስ ወረቀት አልፈርምም አልኩሽ!»

«የዴልበርት ወረቀት ነው፣ አንቺ ክፉ!»

ብፈርም እሷም ትተርፍ ነበር፣ እኔም እተርፍ ነበር። ግን ሦስት ዓመት የታመቀብኝ ነገር ገንፍሎ ወጣ።

«ሰውየው ሴት መስማቱን አልዋሸም! ግቡ ያልኩት እኔ ነኝ፣ አንቺ የተማርሽ ደደብ!»

ትመታኛለች ብዬ ጠበቅሁ። ወረቀቱን ገለበጠችና እስክሪብቶ አወጣች።

«ስንት ሰዓት ነበር?»

«ራሞና…»

«ስንት ሰዓት ነው ያልኩሽ?»

«አሥር ሰዓት ግድም።»

«በር ላይ ቆመሽ ነበር?»

«ከወንበሬም አልተነሳሁ።»

«እዚያ ቤት ትኖሪ ነበር?»

«መች ኖሬ አውቃለሁ!»

«እዚህ ትኖሪያለሽ ወይ ብሎ የጠየቀሽ አለ?»

«ማንም ምንም አልጠየቀኝም።»

ጻፈች። «እንግዳ የሰው ቤት ማስፈተሽ አይችልም። ለጠበቃ እሰጠዋለሁ፤ ይጥቀም አይጥቀም እሱ ያውቃል» አለች፣ ቀና ሳትል።

«ነገስ?»

«ነገ፣ ግቡ መባሉ እውነት ስለሆነ፣ ዋሽተዋል ስላልኩት ይቅርታ እጠይቃለሁ። ካባረሩኝም ያባርሩኝ።»

ከዚያ እስክሪብቶው ቆመ። ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይን ዓይኔን አየችኝ።

«እማዬ ነቅታ ነበር?»

ዝም ማለት እችል ነበር።

«ነቅታ ነበር። ስናገር ታየኝ ነበር። ከዚያ በኋላ እስክትሞት ድረስ ስድስት ወር ሙሉ ሾርባ ሳጎርሳት፣ ዓይኗን ከፊቴ አንስታ አታውቅም።»

ይህንንም ቃል በቃል ጻፈችው፤ አዙራ ሰጠችኝ፣ ፈረምኩ።