መብራት እምቢ ያለው ቤት፦ ከበርበራ እስከ አሕመድ ዳጋህ

በርበራ፣ ጎህ ሲቀድ

በርበራን ፀሐይ ሳትወጣ ካልለቀቃችኋት አትለቃችሁም። ሰማዩ ገና ሳይነጣ ከባሕሩ በኩል የሚመጣው አየር ክዳኑ እንደተከፈተ ድስት ፊት ላይ ይተናል። ወደቡ አጠገብ ካለው ግቢ ስንወጣ ልብሴ ከጀርባዬ ጋር ተጣብቋል፣ እጄ ሽቦ ሽቦ ይሸታል፣ አፌ ደግሞ ከማለዳው ተሳድቦ ጨርሷል።

ፈቲያ እባላለሁ። የድሬዳዋ ልጅ ነኝ፤ ሀርጌሳ፣ ጋአን ሊባህ ሰፈር ውስጥ የመኪና ኤሌክትሪክ እሠራለሁ። ሴት ሆነሽ? ለምትሉ፦ አዎ፣ ሴት ሆኜ። ሙያውን አባቴ ጋራዥ ውስጥ ነው የለመድኩት። መልሴ ያልጣመው መኪናውን እየገፋ ወደ ሌላ ይውሰድ።

የምናጓጉዘው መኪና ነጭ፣ ረጅም፣ መሪው በቀኝ በኩል የሆነ፣ ሆዱ ውስጥ አልጋና ምድጃ ያለው ነው። ፈረንጆች ለሽርሽር የሚነዱት ዓይነት። ሾፌራችን አብዲ “ጉሪ” ብሎ ስም አውጥቶለታል፤ በሶማሌኛ ቤት ማለት ነው። አብዲ ጅግጅጋና ሀርጌሳ ሲመላለስ ያደገ ሰው ስለሆነ አማርኛው ከኔ ይፈጥናል።

ይህን ባለጎማ ቤት ሀርጌሳ፣ አሕመድ ዳጋህ ሰፈር ሆነው የሚጠብቁት አንዲት አሮጊት ናቸው። ሰፈሩ በሙሉ ሆዮ ኻድራ፣ እናታችን ኻድራ፣ እያለ ይጠራቸዋል። ቤታቸው በጦርነቱ ጊዜ በአውሮፕላን ተደብድቦ ጣሪያውን አጥቷል። ዓመታቱን እኛ አገር፣ ድንበሩ ማዶ፣ የስደተኞች ድንኳን ውስጥ ገፍተው ሲመለሱ፣ “ከእንግዲህ ከቦታዬ የሚያነሳኝ ቀባሪ ብቻ ነው” አሉ። ግድግዳው እስኪጠገን እዚያው ግቢያቸው ውስጥ እንዲያድሩበት ውጭ ያለችው ልጃቸው ይህን መኪና በመርከብ ላከችላቸው።

ወንዱ ልጃቸው ማሕሙድ ግን ይዟቸው ወደ ለንደን መሄድ ይፈልጋል። እናቱ ዓይናቸው ደክሟል፤ ባለፈው ዓመት በጨለማ ወድቀው እጃቸው ተሰብሯል። ስለዚህ ቁርጡን ነገራቸው፦ መኪናው ዛሬ መግሪብ ሳይደርስ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ግቢው ውስጥ ቆሞ መብራቱ በደንብ ከበራ ይቀመጣሉ፤ ካልበራ ነገ ጠዋት ከሱ ጋር ይሄዳሉ፣ ቦታውም ይሸጣል። እሳቸውም በአላህ ስም እሺ ብለዋል። እንግዲህ ጉዞው ይኼ ነው።

መብራቱ ደግሞ አይበራም። ትክክለኛውን ልንገራችሁ፤ ከማይበራው ይብሳል። የምድጃውን ማብሪያ ስጫን አምፖሉ እንደሚሞት ፍም ቀላ ይላል። የአልጋውን ስጨምር ሁለቱም ጭልም ይላሉ። የውሃውን ፓምፕ ስነካው ጭራሽ በሩ ላይ ያለው ይርገበገባል። ባትሪው ጤነኛ ነው፣ ፊውዞቹ ደህና ናቸው፣ አምፖሎቹን አውልቄ ባትሪው ላይ ስሞክራቸው ቦግ ይላሉ።

ከኔ በፊት መስመሩን የሠራው ደረጀ ነው። የደብረ ብርሃን ልጅ ነው፤ ሀርጌሳ የመጣው ለግንባታው ሲሆን ሽቦ ያልዘረጋበት አዲስ ቤት ጥቂት ነው። አብሮን ይጓዛል። ግድግዳው ላይ የለጠፋቸውን ማብሪያዎች ሳይ ደሜ ፈላ። ሳሎን ውስጥ የሚገቡት፣ እነዚያ መዳፍ የሚያህሉ ነጫጭ የቤት ማብሪያዎች!

“አቦ ደረጀ፣ ይኼ መኪና ነው እንጂ ቤት አይደለም! ደግሞ ደወል ምነው አልገጠምክለትም?”

“የኔ ሥራ ንጹሕ ነው” አለ ደረጀ፤ ፊቱንም ወደ መስኮቱ አዞረ።

በርበራ ሀርጌሳ መንገድ፣ ረፋድ

ሜዳው እሾህና አሸዋ ነው። ግመሎች መንገዱን የሚያቋርጡት የነሱ እንደሆነ እርግጠኛ ሆነው ነው። አስፋልቱ አንዳንድ ቦታ አለ፣ አንዳንድ ቦታ ነበረ። ዳሩ ላይ ቀይ ቀለም የተቀቡ ድንጋዮች ተደርድረዋል፤ ከነሱ ወዲያ ፈንጂ ስላልተጠረገ ሽንት እንኳ ቢይዛችሁ መንገዱ ላይ ነው። ከወደብ ሲሚንቶ፣ ሚስማርና ቆርቆሮ የጫኑ መኪናዎች እያጓሩ ያልፉናል። አገሩ በሙሉ ጣሪያ ፍለጋ የወጣ ይመስላል።

የኛም ጉሪ ባዶውን አይደለም። ለሆዮ ኻድራ ቤት መጠገኛ የሚሆን ሲሚንቶ አልጋው ላይ ተቆልሏል፣ ቆርቆሮው ከግድግዳ ግድግዳ ተጋድሟል። እኔ መሐል ላይ በአራት እግሬ እየዳኽሁ፣ አንድ እጄ መሞከሪያ አምፖሌን፣ ሌላው ጣሪያውን ይዞ፣ አብዲ ጉድጓድ በገባ ቁጥር እራገማለሁ።

“ያ ፈቲያ፣ ቤት ውስጥ ሴት ስትሳደብ በረካ ይሸሻል” ይላል አብዲ ከፊት።

“መኪና ነው አልኩህ!”

መሞከሪያዬን አንዱን ጫፍ የመኪናው ብረት ላይ ቆንጥጬ፣ መርፌውን አምፖሉ መግቢያ ላይ ስሰካው ደምቆ በራ። ስለዚህ ኃይሉ ይደርሳል። የጎደለው መመለሻው ነው። መኪና ላይ መመለሻው ራሱ የመኪናው አካል ነው፤ ብረቱ። እኛ ጋራዥ ማሳ እንለዋለን። የአምፖሎቹ ሽቦዎች አንድ ላይ ተጠቅልለው የሆነ ቦታ ብረቱ ላይ በቡሎን መታሰር አለባቸው። የት? ሽቦዎቹ ግድግዳ ውስጥ ገብተው ይጠፋሉ።

ደረጀን እንዳልጠይቀው አኩርፏል። እኔም ልለምነው? ሞቼ ነው!

ዳአር ቡዱቅ፣ ምሳ

ዳአር ቡዱቅ ላይ ያልቆመ ሾፌር የለም። ዳሱ ሥር የፍየል ሥጋ በሩዝ፣ ሙዝ፣ የግመል ወተት፣ ዝንብ። ገንዘቡ ረክሶ ለሻይ የሚወጣው የሽልንግ እስር ከዳቦው ይወፍራል። አብዲ እጁን ታጥቦ ሰሐኑ ላይ ሰፈረ። ደረጀ ራቅ ብሎ ተቀመጠ።

“አትበላም?” አልኩት፣ ኩርፊያዬን ሳልለቅ።

“ረቡዕ ነው።”

ጾሙን ረስቼው ነበር። ለአሳላፊው ጮኬ ቅባት ያልነካው ሩዝና ሻይ አስመጣሁለት። አመሰግናለሁ አላለም፤ ግን በላ። እኔ ደግሞ አንድ ቁራጭ ሽቦ ይዤ ወደ መኪናው ተመለስኩ። ከምድጃው አምፖል መመለሻ አንስቼ በቀጥታ የበሩ ማጠፊያ ብረት ላይ አስነካሁት። ቦግ! መርፌ የሚያስለቅም ብርሃን። አልሐምዱሊላህ ብዬ ሳልጨርስ ደረጀ ሩዙን ጥሎ እየሮጠ መጣና ሽቦውን ከእጄ መነጨቀው።

“ብረቱን አስነካሽው! እሳቸውን ልትገድያቸው ነው?”

ፊቱ አመድ መስሏል። ልስቅ ነበር፤ ፊቱን አይቼ ተውኩት።

“አንቺ አላየሽም” አለ። “ጎረቤት ካለ ጄኔሬተር የተጎተተ ሽቦ ተልጦ ቆርቆሮ ላይ አርፎ ነበር። ጓደኛዬ ጣሪያውን ሊመታ ወጣ። እኔ ነኝ መዶሻ ያቀበልኩት። እዚያው ደርቆ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ብረት የነካ ሽቦ ካየሁ አላልፍም። እዚህ መኪና ውስጥ እንኳ አንዱ እብድ አልጋው ሥር አንድ ጥቅል ሙሉ ሽቦ ከብረቱ ጋር በቡሎን አስሮት አገኘሁ። ፈትቼ በናስትሮ ጠቅልዬ አስቀመጥኩት።”

አብዲ ማኘኩን አቆመ። ቀኑን ሙሉ የፈለግሁት ነገር ይኸው አጠገቤ ሩዝ ሲበላ ነበር።

“የኔ ወንድም” አልኩት ቀስ ብዬ፣ “ያ እብድ ፋብሪካው ነው።”

አላመነኝም። ጣቴን በምራቄ አርሼ አንድ እጄን ሽቦው ላይ፣ አንዱን ብረቱ ላይ አደረግሁ። ዓይኑን ጨፈነ። ሲገልጠው ቆሜያለሁ። የመኪና ባትሪ የጄኔሬተር ጉልበት የለውም፤ ሰው አይገድልም፣ ብረቱም መንገዱ ነው አልኩት። ስለ ጓደኛው ግን ምን ይባላል? ነፍስ ይማር ብቻ አልኩ።

አልጋው ሥር ለመግባት ሲሚንቶውንና ቆርቆሮውን በሙሉ ማውረድ አለብን። እዚያ አውርደን መልሰን ከጫንን መግሪብ መንገድ ላይ ይደርስብናል። አብዲ ያንኑ ቁራጭ ሽቦ በየአምፖሉ ቀጣጥለን እናንጠልጥልና እንገላገል አለ። እኔ ለዓይነ ደካማ እናት የሚጠላለፍ ሽቦ አንጠልጥዬ ቤት አላስረክብም። ስንደርስ አውርደን እናስረዋለን አልኩ፤ ንዳ!

ኬላ፣ ፀሐይ ስታዘነብል

ከሀርጌሳ በፊት ያለው ኬላ መንገዱ ላይ የተወጠረ ገመድ ነው። ወታደሩ ጉንጩ በጫት ተወጥሯል። መጋረጃውን ገልጦ አየ፣ ምድጃውን አየ፣ ሳቀ።

“ቤት ከሆነ ጎማ ለምኑ? መኪና ከሆነ መጋረጃ ለምኑ?”

አለቃው እስኪመጣ ጠብቁ አለን። ጠበቅን። ጥላችን ረዘመ። አብዲ በትሕትና ለመነ፣ ደረጀ ሰዓት እያየ ተቁነጠነጠ። በመጨረሻ እኔ ወርጄ ገመዱ ፊት ቆምኩ። በተሰባበረ ሶማሌኛዬ፣ “አንዲት ሆዮ ሀርጌሳ ላይ ፍርስራሻቸው ውስጥ ተቀምጠው ይህን መኪና ይጠብቃሉ። ሳይመሽ ካልደረስን ከአገራቸው ይወሰዳሉ። አለቃህ ሲመጣ ይህን አንተ ንገረው፤ እኔ ግን ከዚህ አልነቃነቅም” አልኩት።

“የማን እናት ናቸው?”

“ያንተም ናቸው።”

ገመዱን ፈቶ ጣለው።

አሕመድ ዳጋህ፣ መግሪብ ሊል ሲል

ሀርጌሳ መዶሻ መዶሻ ትላለች። ጣሪያ የሌላቸው ቤቶች መሐል አዲስ ቆርቆሮ ያብረቀርቃል፤ ሚኒባሶቹ ጥሩንባ እየነፉ ሲሚንቶ በተሸከሙ ሰዎች መሐል ይሽሎከለካሉ። በአሕመድ ዳጋህ ኮረኮንች ላይ ጉሪ ሲንገጫገጭ ሰዉ ሥራውን አቁሞ ያያል።

ሆዮ ኻድራ በር የሌለው የቤታቸው መግቢያ ላይ ተቀምጠዋል። ቀጭን፣ ረጅም፣ መቁጠሪያ በእጃቸው። ልጃቸው ማሕሙድ የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሶ አጠገባቸው ቆሟል። ሻንጣቸው ታስሮ ግድግዳው ሥር ተቀምጧል።

“ዘገያችሁ” አለ ማሕሙድ።

“አዛን አላለም!” አልኩት፤ ሰላምታ እንኳ ሳላስቀድም። “ቆመህ ከምታይ ሲሚንቶ አውርድ።”

አየኝ። እናቱን አየ። እሳቸው መቁጠሪያቸውን መቁጠር ቀጠሉ። ማሕሙድ የሸሚዙን እጅጌ ሰበሰበና ጫንቃውን ሰጠ። የእናቱን ቦታ ልሽጥ ያለው ሰው፣ የእናቱን ቤት ሲሚንቶ እያወረደ እስከ ቅንድቡ ነጣ። አብዲና ደረጀ ቆርቆሮውን አወጡ። እኔ አልጋውን ገልብጬ በሆዴ ገባሁ።

ጥቅሉ እዚያው ነበር፤ በጥቁር ናስትሮ እንደ ተሰበረ እግር ተጠቅልሎ። ቡሎኑም ከነዳዶው አጠገቡ። ብረቱን በብርጭቆ ወረቀት ቀለሙ እስኪለቅ ፈተግሁት። ከዚያ ተንፏቅቄ ወጣሁና የቡሎኑን ቁልፍ ለደረጀ ሰጠሁት።

“አንተ የፈታኸውን አንተ እሰረው።”

“ፈቲያ...”

“ግባ።”

ገባ። እግሮቹ ብቻ ይታዩኛል። በስመ አብ ሲል ሰማሁት። ቁልፉ አንዴ ጮኸ፣ ደገመ፣ ጠበቀ።

ከመስጊዱ በኩል ድምፅ ማጉያው ተንኮሻኮሸ።

“አብሩ!” አለ ደረጀ ከሥር።

የምድጃውን ተጫንኩ፤ በራ። የአልጋውን፤ በራ፣ የመጀመሪያውም አልደበዘዘም። የበሩን፣ የመታጠቢያውን፣ ፓምፑን ጭምር። ሁሉም ቀጥ ብለው በሩ። አዛኑ ተጀመረ። አብዲ ሁለት እጁን አነሳ። እኔ፣ የማላለቅሰዋ፣ አለቀስኩ።

ማሕሙድ አቧራ እንደለበሰ በሩ ላይ ቆመ። “ነገ ቢጠፋስ?” አለ።

ሆዮ ኻድራ ተነሱ። በገዛ እግራቸው ደረጃውን ወጡ። እነዚያን ያላገጥኩባቸውን መዳፍ የሚያህሉ ማብሪያዎች በዳበሳ አንድ በአንድ አገኟቸው፤ ዓይን አያስፈልጋቸውም ነበር። አጠፉ፣ አበሩ። እኔም እንድሰማ ብለው ይሁን፣ ስደት ባስተማራቸው አማርኛ መለሱለት።

“ሲጠፋ ይቺን ልጅ እጠራለሁ። አንተም እንደዛሬው ትሸከማለህ።”

ከዚያ መጋረጃውን በሙሉ እንድገልጥ አዘዙኝ፤ ኻድራ መመለሷን ሰፈሩ ይይ አሉ። ማሕሙድ ሻንጣቸውን አነሳ። ግን ወደ መንገዱ አልሄደም፤ ይዞት ሊገባ እግሩን ደረጃው ላይ አደረገ።

“ጫማህን!” አሉት። “ሰው ቤት እንዲህ ይገባል እንዴ?”

ያ ትልቅ ሰውዬ ጎንበስ ብሎ ጫማውን ፈታ። ደረጀ ከአልጋው ሥር ወጥቶ የራሱን አወለቀ። አብዲ ወደኔ ዞሮ ቅንድቡን ሰቀለ፤ ቀኑን ሙሉ መኪና ነው እያልኩ ስጮህ የሰማ እሱ ነውና። አፌን ዘግቼ ጫማዬን አወለቅሁ።