በሰያፍ የተቆረጠው ሸራ

ባለፈው ሳምንት እድራችን አዲስ የፕላስቲክ ድንኳን ስለገዛ አሮጌው ሸራ ከግምጃ ቤት ወጣና ሽማግሌው ጋሽ አሰፋ በጋሪ አስጭነው ደጄ ድረስ አመጡልኝ፤ "የአባትሽ እጅ ነው፣ ላንቺ ይገባል" ብለው። ሳልፈታው ሽታው ቀደመኝ፦ የሰም፣ የጭስ፣ የቦንጋ ክረምትና የእንባ። እንባ ይሸታል እንዴ የሚል ሰው የለቅሶ ድንኳን አጣጥፎ አያውቅም።

አባቴ ሸራ ሰፊ ነበር፤ ከዋጫና ከደካ ቡና የሚያወርዱ መኪኖች ሁሉ የሱን ስፌት ለብሰው ነበር የሚያልፉት። ጨርቅ የሚመረምረው እንደ ባላጋራ ነበር፤ በቡጢ ይነርተዋል፣ ጉልበቱ ላይ ጠምዝዞ ይጎትተዋል፣ ውሃ ደፍቶበት ከስሩ ፊቱን ቀና አድርጎ ጠብታ ይጠብቃል። ጎረቤት "ጋሽ ወልዴ ዛሬም ከጨርቅ ጋር ተጣላ" እያለ ሲስቅበት "እኔ ካልደበደብኩት ነፋስ ይደበድበዋል" ይል ነበር።

አንድ ሐምሌ ይህንኑ ድንኳን ለእድሩ እየሰፋ ሳለ ገመድ ሊገዛ ሺሺንዳ ገበያ ወረደ። እኔ አስራ ሦስት ዓመቴ ነበር፣ መቀስ ከያዝኩ ደግሞ ራሴን ከሱ አላሳንስም። የጣሪያው መሃል አንድ ክንድ ያህል ጨርቅ ጎድሎ ነበር። የተረፈውን ቁራጭ በርዝመቱ ባስቀምጠው አልደረሰም፤ በሰያፍ፣ ከማዕዘን ወደ ማዕዘን ሳጋድመው ግን ልክ ሆነ። ቆረጥኩት፣ ሰፋሁት፣ በብልሃቴም ኮራሁ። ማታ አባቴ ሲመለስ የጋሽ አሰፋ እናት አርፈው ስለነበር እድርተኞቹ ደጅ ቆመው ይጣደፉ ነበር፤ ጠርዙ ላይ ገመዱን አስገብቶ መሃሉን ሳይፈትሽ ሰጣቸው።

በማግስቱ ሬሳው ከቤት ወጥቶ ድንኳኑ ውስጥ እንዳለ ነፋሱ ከነዝናቡ ከጫካው በኩል መጣ። መጀመሪያ የጓሮው እንሰት ቅጠል እየተተረተረ ጮኸ፣ ቀጥሎ ጣሪያው ተነፋ። የኔ ቁራጭ እየተለጠጠ፣ እየተለጠጠ እንደ በግ ሆድ ተንጠለጠለ፣ ውሃና ነፋስ ሞላው፤ ከዚያ ስፌቱ እንደ ጥይት ተንጣጣና ነፋሱ የመሃሉን ምሰሶ ነቅሎ አነሳው። ምሰሶው ሲመለስ ያረፈው ሳጥኑ ላይ ነው። ክዳኑ ለሁለት ተሰነጠቀ። ሴቶቹ ከእርጥብ ሸራ ስር እየተረጋገጡ፣ ፊታቸውን ጭቃ ሞልቶት በጉልበታቸው እየዳሁ ወጡ።

ጋሽ አሰፋ ያኔ ገና ጎልማሳ ነበሩ። የእናታቸውን የተሰነጠቀ ሳጥን አዩ፣ ከመሬት አንድ ካስማ ነቀሉ።

"ማነው ይህን የሰፋው?"

እኔ አፌን ከፍቼ ነበር። አባቴ በክንዱ ወደ ኋላ ገፋኝና ፊታቸው ቆመ።

"የቆረጥኩት እኔ ነኝ" አለ።

ካስማው ቀኝ ትከሻው ላይ ሲያርፍ የተሰማው ድምፅ እርጥብ እንጨት ሲሰበር እንደሚሰማው ነበር። ሦስት ጊዜ መቱት፣ እሱ እጁን አንድ ጊዜ እንኳ አላነሳም። ሰው መሃል ገብቶ ሲያላቅቅ አባቴ ጭቃው ላይ ተቀምጦ የሚያየው ትከሻውን ሳይሆን የተቀደደውን ጣሪያ ነበር።

ወጌሻው አጥንቱን ገጠመው፣ ክንዱ ግን ከዚያ ወዲህ ከደረቱ በላይ ወጥቶ አያውቅም። እኔን በቁጣ ቃል እንኳ አልተናገረኝም፤ ቢመታኝ ይቀለኝ ነበር። ድንኳኑን ዘርግቶ ምላጭ ሰጠኝና "ፍቺው" አለኝ። ፈታሁት። ቁራጩን በድሩ አስያዘኝ፣ ሳብኩት፣ እንቢ አለ። በማጉም ሳብኩት፣ እንቢ አለ። በሰያፍ ስስበው ግን እንደ ሊጥ ተከተለኝ።

"አየሽ፣ ሸክም በክሩ መንገድ ነው የሚሄደው። እንሰቱን ደግሞ እዪው፤ ነፋስ ሲመጣ ቅጠሉን ይተረትርና ግንዱን ያድናል። ሸራ እንዲህ አያውቅም፣ የነፋሱን መውጫ አንቺ ነሽ የምትተዪለት።"

ከላይ ለነፋሱ መውጫ ትተን፣ ማዕዘኖቹን ደርበን፣ በድርብ ስፌት እንደገና ሰራነው፤ እሱ ተናጋሪ፣ እኔ እጅ ሆኜ። ያን ክፉ ቁራጭ አልጣለውም፤ የካስማ ከረጢት አድርጎ አሰፋኝ። ያ ድንኳን ከዚያ በኋላ ስንቱን ለቅሶ አሳለፈ፤ የአባቴንም።

ጋሪው ከሄደ በኋላ ጋሽ አሰፋ ከዘራቸውን ተደግፈው ሸራውን እየዳበሱ "አባትሽ ሁለተኛ አልተሳሳተም፣ ነፍሱን ይማረው" አሉ። ይህን ስንት ዓመት ሲሉ ኖረዋል፣ እኔም ያን ያህል ዓመት እውነቱን ደብቄ ኖሬያለሁ። ያን ቀን ግን ከረጢቱ ከሸራው መሃል ወደቀ። አነሳሁና ጫፉን አስያዝኳቸው።

"እስቲ በሰያፍ ይሳቡት፣ ጋሼ።"

ሳቡት። ተለጠጠ።

"ይህን የቆረጥኩት እኔ ነኝ" አልኳቸው። "እሱ ሺሺንዳ ነበር።"

ከረጢቱን አዩት። ከዚያ እጃቸውን አዩት፣ ያን ጊዜ ካስማውን የያዘውን።

"እና እኔ ያልቆረጠውን እጅ ነው የሰበርኩት?"

አባቴ ክንዱን ሰጥቶ የሸፈነልኝን በአንድ ቃል እንዳፈረስኩት ተሰማኝ፤ ለሳቸውም የሚክሱበት ዕድሜ አልተረፋቸውም፣ ይቅር የሚላቸውም ሰው የለም። ሰማዩ ሲጠቁር ሸራውን ልሰበስብ ጎንበስ አልኩ። ትልቅ ሸራ ደግሞ ብቻን አይታጠፍም፤ ዱሮ አንደኛውን ጫፍ አባቴ ነበር በግራ እጁ የሚይዝልኝ። ቀና ስል ጋሽ አሰፋ ከዘራቸውን ጥለው ያንን ጫፍ ይዘው ቆመዋል።