ማን ሊገባ ነው?

ሴትዮዋ ጌም ቤቱ ስትገባ ተጫዋቾቹ ወንበር ይለቁላታል፤ እሷ ግን አትቀመጥም። ሹራቧን ገልብጣ እንደለበሰች እንኳ ልብ ሳትል፣ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋ ቆማ ትጠይቃለች።

"የድብድቡን ጌም የሚሠራው ኩባንያ ከፊልም ሠሪዎች ጋር ተፈራረመ አሉ። እውነት ነው?"

"እውነት ነው እናት" ይላታል አንዱ። "እንግዲህ የፊልሙ ባለጭምብል አዲስ ተዋጊ ሆኖ ወደ ጌሙ መግባቱ አይቀርም።"

"ወሬኛ! የምትገባው የፊልሙ ባለጎራዴዋ ናት" ይላል ሌላው።

እነሱ ሲሟገቱ፣ እሷ ለፈተና እንደሚያጠና ሰው ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ቃል በቃል ትይዛለች። የቤቱ ባለቤት በሆዱ ይስቅባት ነበር። ጆይስቲክ እንኳ ነክታ አታውቅማ።

ዛሬ ግን አንዱ ተጫዋች ወሬውን አፈረሰው። "ኩባንያው ራሱ ተናግሯል። ውሉ ቲሸርት ለማተም ነው፤ አዲስ ተዋጊ የሚባል ነገር የለም።"

ሴትዮዋ ግድግዳውን ተደገፈች። ባለቤቱ ደንግጦ ወንበር አቀረበላት፤ ዛሬ ተቀመጠች።

"ምነው እህቴ? ጌም እኮ ነው!"

"ልጄ ክፍሉን በላዩ ላይ ከዘጋ ክረምቱ አልፎ በጋው መጣ" አለች። "እህል ቅመስ ብለው ዝም፤ ሐኪም ጋ እንሂድ ብለው ዝም። ከእናንተ የሰማሁትን የጌም ወሬ ነግሬ 'ማን ሊገባ ነው?' ስለው ብቻ ከውስጥ ይመልስልኛል። መኖሩን የማውቀው በዚያች ድምፅ ነው።"

ተጫዋቾቹ ጆይስቲካቸውን አስቀመጡ። በስክሪኑ ላይ ተዋጊዎቹ ተገትረው ቀሩ።

ሴትዮዋ ባንኮኒውን ይዛ ተነሣች።

"እባካችሁ ልጆቼ፣ ሌላ የተፈራረመ ኩባንያ ፈልጉልኝ። ዛሬ በሩ ላይ ቆሜ ምን ልበለው?"