ወልደየሱስ ለአሮጌዋ መኪናው የመረጠው ዘይት

ቅዳሜ መጋቢት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ እዚህ በፈረንጅ በሚቆጠረው ማርች 29 ቀን 2025፣ ወንድሜ ወልደየሱስ የመኪናውን ዘይት ሊቀይር ጠዋት ቤቴ ሊመጣ ተቀጣጥረን ነበር። አዲሱ ዘይትና ፊልትሮው ከነከረጢታቸው ከመኪናው ኋላ፣ ትራንኩ ውስጥ ናቸው። ከዚያ ሁለት ቀን ቀድሞ፣ ሐሙስ፣ ከሥራ ተመልሶ ሶፋው ላይ ጋደም እንዳለ አረፈ። ሐኪሞቹ ልቡ ነው አሉ። ዘይቱ እስካሁን አልተቀየረም።

የዕድሩ ሰዎች ለቀብሩ የሚነበብ የሕይወት ታሪክ እንድጽፍ ጠይቀውኝ የትውልድ ቦታውን፣ እዚህ የመጣበትን ዓመትና የልጆቹን ስም ጽፌ ሰጠሁ። ሥራዬ መዝገብ መያዝ ስለሆነ ስህተት አልነበረበትም። ያለፈው የብርድ ወቅት ግን እዚያ ውስጥ የለም። ያየሁትንና አብረውት የነበሩት የነገሩኝን እዚህ አሰፍራለሁ።

ወልደየሱስ አዲስ አበባ ሳለ የላዳ ታክሲ ሾፌር ነበር። በስደት ናይሮቢ ቆይቶ ኮለምበስ ገባ፤ ግሮቭፖርት ካሉት ትልልቅ መጋዘኖች በአንዱ ዕቃ የሚያነሳ ፎርክሊፍት ይነዳ ጀመር። የሚኖረው ኖርዝላንድ፣ ከሞርስ ሮድ ገባ ብሎ ባለ አፓርታማ ነው። ፈረቃው ጎህ ሳይቀድ ስለሚጀምር በዚያ ሰዓት የሚያደርስ አውቶቡስ የለም። ስለዚህ ሁለት ሰዎች በእሱ መኪና ይሄዱ ነበር። አንዱ የድሮ ጓደኛው እሸቱ ነው። ሁለተኛዋ ሐምራዊት ትባላለች፤ በዲቪ ከመጣች ዓመት ያልሞላት፣ ልጇን ብቻዋን የምታሳድግ ሴት ናት።

ሐምራዊት የተቀጠረችው በኤጀንሲ በኩል ነበር። እንዲህ የገባ ሰው ቋሚ እስኪሆን ድረስ ባረፈደ ቁጥር ፖይንት ይያዝበታል፤ ፖይንቱ ከሞላ የመግቢያ ባጁን መልሶ ይሄዳል። ልጇ የታመመች ጊዜ የተያዘባት ነበር። ቋሚ የምትሆነው መጋቢት ላይ ነው። እስከዚያ ድረስ የወልደየሱስ መኪና በየጠዋቱ መነሳት ነበረባት።

መኪናዋ ሁለት መቶ ሺህ ማይል ካለፈች ቆይታለች። መስከረም ላይ ዘይት መብላት ጀመረች፤ ስትነሳ ከኋላዋ ሰማያዊ ጭስ ይታያል። ክሊቭላንድ አቬኑ ላይ ጋራዥ ያለው ዘካርያስ፣ ብዙ ለሄደ ሞተር ተብሎ የሚሸጠውን ቀጭን ዘይት፣ 5W-30፣ አድርግላት አለው። ወልደየሱስ ግን ወፍራሙን 20W-50 ገዛ። ያረጀ ሞተር ወፍራም ዘይት ይፈልጋል የሚለውን ይዞ የመጣው ከአዲስ አበባ ነው። ላዳዋ በወፍራም ዘይት ዓመታት አገልግላዋለች። እውነትም ቅጠል መርገፍ ሲጀምር ጭሱ ጠፋ።

«አየሽ ፀሐይ» አለኝ በስልክ። «አቆመች። ዘካርያስ ኮምፒውተር ሰክቶ ነው መኪና የሚያክመው። እኔ በጆሮዬ ነው።»

በጥምቀት ሰሞን ብርዱ ከበደ። ከበዓሉ በኋላ በሁለተኛው ቀን፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ሦስቱም መኪናው ውስጥ ተቀምጠው ቁልፉን ሲያዞረው ሞተሩ አቃሰተ። ደግሞ ሞከረ፤ ተነሳ። የዘይቱ ቀይ መብራት ግን አልጠፋም። ከኮፈኑ ሥር ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ መጣ።

«ወልዴ፣ ታይፕ የሚመታ ሰው ደብቀሃል እንዴ?» አለ እሸቱ ከኋላ።

«ዝም በል እስቲ፣ ልስማበት።»

«ጋሼ፣ እንሂድ በቃ» አለች ሐምራዊት። «መንገድ ላይ ይሞቃል።»

«ዘይቱ አልደረሰውም። በዚህ ላይ ከነዳሁት ሞተሩ ይነክሳል፣ ተጣብቆ ይቀራል። ከነከሰ ደግሞ የምታረፍጂው ዛሬ ብቻ አይሆንም።»

ሞተሩን አጠፋው። ሐምራዊት ስልኳን አውጥታ ራይድ ጠራች። ራይዱ ዘገየ፤ መጋዘኑ ሲደርሱ ፈረቃው ተጀምሯል። ወልደየሱስና እሸቱ ቋሚዎች ስለሆኑ በማስጠንቀቂያ አለፉ። ሐምራዊት ላይ ፖይንት ተያዘባት። ከዚያ በኋላ አንዴ ብታረፍድ ሥራው ያበቃል። በራይድ ሲመለሱ መስኮቱን እያየች ነበር።

ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ስትወጣ መኪናዋ ተነሳች። ወልደየሱስ ቀጥታ ወደ ዘካርያስ ወሰዳት። ዘካርያስ የዘይት መለኪያውን ሳበና ወደ ታች ዘቅዝቆ ያዘው። ጠብታው አልወድቅ አለ።

«ጋሼ ወልዴ፣ ይሄ ዘይት ነው ገንፎ? ቅቤና በርበሬ ላምጣልህ?»

«አንተ ሳትወለድ እኔ ሞተር አውርጄ ገጥሜያለሁ።»

«የት? አዲስ አበባ። እዚያ ዘይት ጠዋት አይረጋም። እዚህ ይረጋል። ፊት ያለው ቁጥር የብርዱ ነው፤ ሲያንስ በብርድ ቶሎ ይፈሳል። ይሄ ያንተ ባለ ሃያው እየተጎተተ ላይ እስኪደርስ ብረቱ ደረቁን ይፋጫል።»

«ቀጭኑን ካስገባሁ ትበላዋለቻ።»

«ትብላ። ምግቧ ነው፣ ምን አስከፋህ? ሃይ ማይሌጅ የሚለውን፣ ያኔ ያልኩህን፣ አድርግላት፤ የደረቁትን የጎማ ማሸጊያዎች የሚያለሰልስ ነገር አለው። ጭሱን ጨርሶ አያቆመውም፣ አልዋሽህም። ቤንዚን በሞላህ ቁጥር ኮፈኑን ክፈትና እየው፤ ከጎደለ ጨምር። ጠዋት ግን ትነሳልሃለች።»

ወልደየሱስ ጎንበስ ብሎ ሞተሩን አየ።

«ልጅቷ አንድ ነው የቀራት» አለ።

«ምን አንድ?»

ወልደየሱስ ኮፈኑን ዘጋ። ዘካርያስ እዚያው ልቀይርልህ ቢለው ያስገባሁትን እኔው አወጣዋለሁ ብሎ ወደ እኔ መጣ። የቤቴ ጋራዥ ማሞቂያ አለው። መኪናዋን በክሪክ አነሳት፤ እኔ መብራት ያዝኩለት። የማፍሰሻውን ቡሎን ሲፈታው ወፍራሙ ዘይት ቀስ እያለ እንደ ገመድ ወረደ። ወለሉ ላይ ባነጠፈው ካርቶን በጀርባው ተኝቶ ዘይቱ ሲወርድ ያየው ነበር።

«ላዳዋ ይሄን ትወድ ነበር» አለ።

ፊልትሮውን ለወጠ፤ 5W-30ውን ሞላ። አሮጌውን ዘይት በሁለት የፕላስቲክ ጄሪካን አድርጎ ግድግዳው ሥር አስቀመጠው። ከአንድ ሳምንት በኋላ ውሰድልኝ አልኩት። በሌላው ሳምንትም አልኩት።

«እሺ ፀሐይ» አለ። «ጋራዥ ነው፣ ቤተ መጻሕፍት አይደለም።»

ከዚያ ቀን ወዲህ መኪናዋ ያልተነሳችበት ጠዋት አልነበረም። የካቲት ላይ ከጥምቀቱ የባሰ ብርድ መጣ፤ ተነሳች። ጭሱ ግን ትንሽ ትንሽ ተመለሰ። ሐምራዊት እንደነገረችኝ ከመኪና ማቆሚያው ሲወጡ በመስታወት ያየው ነበር፤ ደስ አይለውም። ቤንዚን ማደያ በቆሙ ቁጥር ወርዶ ኮፈኑን ይከፍታል። እሸቱ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ «ቁርሷን በላች?» ይለዋል። አንዳንዴ «በልታለች»፣ አንዳንዴ «ጨምሬላታለሁ» ይላል። ወፍራሙን መልሼ ላስገባ ብሎ አያውቅም። አንዴ ብቻ፣ ጭሱ በበዛበት ቀን፣ ስልክ ደውሎ «ሲሞቅ ይሆናል፣ አይደል?» አለኝ። ስለ ወፍራሙ ዘይት እንደሚያወራ ገብቶኛል። አላውቅም አልኩት።

መጋቢት በገባ በሁለተኛው ሳምንት ሐምራዊት ቋሚ ሆነች። የአዲሱን ባጅ ፎቶ ላከችለት። ቤቴ መጥቶ ስልኩን ዘርግቶ አሳየኝ፤ ፎቶው ላይ ፈገግ አላለችም።

«ለምን አልሳቀችም?» አልኩት።

«ብርድ ነበር» አለ። ስልኩን ኪሱ ከተተ።

ረቡዕ መጋቢት 17 ቀን ከሥራ በኋላ እሱና ሐምራዊት መጡ። መሪውን የያዘችው እሷ ናት። የመማሪያ ፈቃድ አውጥታ በእሱ መኪና ትለማመድ ነበር። ወደ ኋላ ስትገባ እሱ ወርዶ ከኋላ ቆሞ ይመራታል።

«ቀስ። ቀስ። ሳሩን እንዳትነኪው፣ ፀሐይ ከእኔ አብልጣ ነው የምትወደው።»

«ጋሼ፣ ከኋላዬ ዞር ይበሉልኝ፣ እርስዎን እንዳልነካ።»

ምሳ አለ፣ የጾም ነው፣ ግቡ አልኳቸው። ቅዳሜ ዘይቱን ስቀይር እበላለሁ አለኝ። ግድግዳው ሥር የቆዩትን ሁለቱን ጄሪካን አንስቶ ትራንኩ ውስጥ አስገባ፤ እንዳይወድቁ በአሮጌ ብርድ ልብስ ደገፋቸው። ሐምራዊት እየነዳች ሄዱ።

የሄዱት ሞርስ ሮድ ላይ ያገለገለ ዘይት ወደሚቀበለው የመለዋወጫ ሱቅ ነው። ልርዳዎት ስትለው አይሆንም፣ ልብስሽን ያበላሻል አላት። ጄሪካኖቹን ራሱ ተሸክሞ ገባ። ሠራተኛው ከኋላ ያለውን ታንክ አሳየው። ዘይቱ ወፍራም ስለሆነ ለመውረድ ጊዜ ወሰደ፤ እያንዳንዱን ዘቅዝቆ እስኪያልቅ ጠበቀ። የታንኩን ክዳን ገጠመ። እጁን በወረቀት ጠረገ፤ ለቅዳሜ የሚሆን 5W-30 ዘይትና ፊልትሮ ገዝቶ ትራንኩ ውስጥ አስገባና ተመልሶ ከሐምራዊት ጎን ተቀመጠ።