በቴስታ የገባችው ጎል

እኔ የሰው ስም ሲጠፋብኝ ሰፈሩ «ጃጀ» ይለኛል። ጓደኛዬ ሲጠፋበት ግን «ኳስ ጎድቶት እኮ ነው» ተብሎ ወንበር ይለቀቅለታል። በመርሳት እንኳ በለጠኝ!

በአንድ ክለብ ነበር የተጫወትነው፤ እሱ አጥቂ፣ እኔ ተቀያሪ። እሱ ከማዕዘን የመጣችውን ኳስ ሁሉ በቴስታ ይገጫል። ከተከላካይ ጋር ግንባር ለግንባር ተጋጭቶ ሲወድቅ፣ ፊቱ ላይ ውሃ ይደፉበትና ተነስቶ ይጫወታል። እኔ ኳስ ከላይ ስትመጣ አንገቴን ቀብሬ አሳልፋታለሁ። አሰልጣኛችን «ጭንቅላትህን ለፀጉር ማብቀያ ነው እንዴ የያዝከው?» ይለኝ ነበር። አሁን ፀጉሩም የለም። የጓደኛዬን ራስ ምታትና መርሳት ያመጡት እነዚያ ግጭቶች ናቸው ብሎታል ሐኪሙ።

ባለፈው ሳምንት ሀይሌ ጋርመንት ሰፈር፣ ሻይ ቤት በር ላይ ተቀምጠን ሳለ፣ አንድ ጎልማሳ ታክሲ ሊሳፈር ሲል ተመለሰና ጓደኛዬን በትከሻ ሰላም አለው።

«ጋሼ፣ ያቺ የዋንጫ ጎል! አባቴ እስካሁን ያወራታል» ብሎት ሄደ። እኔን ዞር ብሎም አላየኝ።

ጓደኛዬ ጠጋ አለኝ። «ስማ፣ ማን ነበር ያገባት?»

ዕድሜዬን ሙሉ የተመኘኋት ጎል እጄ ላይ ወደቀች፤ «እኔ» ብል ያምነኛል።

«አንተ ነህ እንጂ፣ አንተ ጅል!»

«በምን?»

«በምን ልታገባ ኖሯል? በቴስታ ነዋ!»

ተነስቼ፣ ሻይ ጠጪውን ሁሉ እያሳቅሁ፣ አዘላለሉን ሳይቀር አሳየሁት። አፉን ከፍቶ ሰማኝ። ያቺን ጎል እንደ አዲስ በመስማቱ ደግሞ ቀናሁበት።