በአንድ እጅ የሚከፈት ሰንጢ

ዛሬ ጎንደር ፒያሳ ሰንጢ ስመርጥ የማጠፊያው ዘይት ሸተተኝና አጎቴ ትዝ አለኝ።

በንጉሡ ዘመን፣ በልጅነቴ፣ አጎቴ በማክሰኝት ገበያ ሰንጢዎቹን አንድ በአንድ በቀኝ አውራ ጣቱ ብቻ እየከፈተ ይፈትን ነበር።

«ምነው አያ፣ ግራ እጅዎ ታሟል?» አለ ነጋዴው።

«ልጁን ይዟል» አለ አጎቴ፣ የጨበጠውን እጄን ከፍ አድርጎ።

ሰንጢ ገዝቶ ስንመለስ ዕቃችንን የጫንናት በቅሎ ከገደል አፋፍ ላይ ደንብራ ተንሸራተተች። የምስብበትን ገመድ በእጄ አንጓ ላይ ጠምጥሜው ስለነበር እኔንም ጎተተችኝ። አጎቴ በግራው ቀበቶዬን ጨብጦ፣ በቀኙ ሰንጢውን ከፍቶ ገመዱን ቆረጠ። በቅሎዋ ብቻዋን ወደቀች።

«ገመድ እጅህ ላይ አትጠምጥም» አለኝ። ደፋሩ አጎቴ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ከገደሉ ይልቅ ያ አስፈራኝ።

አሁን ባለሱቁ ያማረውን አቀረበልኝ። ግራ እጄን ልጅ እንደያዘ ሰው ጨብጬ በቀኜ ሞከርሁት። አልከፈት አለኝ፤ ሰንጢው ጠንክሮ ይሁን አውራ ጣቴ ፈርቶ፣ አላወቅሁም።