መቆም የተከለከለበት ምንጣፍ

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ሚሚ ከሳንታ ክላራ ደወለች። «ማሚ፣ ለልደትሽ ሆቴል ቡክ አድርጌያለሁ። ታሆ ሐይቅ ዳር፣ ካሲኖ ያለበት። ማታ ሾው እናያለን!» ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር፤ ቢላዋውን አስቀመጥኩ። እሷ አታስታውሰውም እንጂ እዚያ አንድ ምሽት አብረን አሳልፈናል።

ዘመኑ በፈረንጅ ዘጠናዎቹ ነው፣ ወቅቱ ብርድ። ሚሚ ሦስት ዓመቷ፣ እኔ ሃያ ሦስት። ኦክላንድ፣ ቴሜስካል ሰፈር፣ የባለቤቴ አጎት ጋሼ ታደሰ ቤት ተጠግተን ነበር የምንኖረው። ባለቤቴ ሥራ በገባበት ቀን ጋሼ፣ «ልጅቱን በረዶ ላሳያት፤ አንቺም ነፋስ ይንካሽ» አሉ። ሚሚን ደረቷን ስለሚያፍናት ፈራሁ። ግን ደግ ሰውን እምቢ ማለት ይከብዳል፤ እሺ አልኩ።

መንገዱ ያምር ነበር። ጥዱ በረዶ ተሸክሞ ጎንበስ ብሏል፤ መኪናው ውስጥ የብርቱካን ልጣጭ ይሸታል። ሚሚ በረዶውን በእጇ ነካች፣ ሳቀች። ሲመሻሽ ጋሼ፣ «ትንሽ እንሙቅ» ብለው ካሲኖ አስገቡን።

መስኮት የለው፣ ሰዓት የለው። የሲጋራ ጭስ፣ ከማሽኖቹ የሚረግፍ የሳንቲም ድምፅ። ጋሼ ካርታ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጡ። አጠገባቸው ልቆም ስል አንድ ጠባቂ መጣ። ጋሼ ቃሉን ተረጎሙልኝ፦ «ከልጅ ጋር ምንጣፉ ላይ ማለፍ እንጂ መቆም አይፈቀድም ነው የሚለው። ትንሽ ዞር ዞር በሉ።»

ውጭው በረዶ ነው። የመኪናው ቁልፍ ጋሼ ኪስ ውስጥ ነው፤ ቢኖረኝስ መንዳት መች አውቃለሁ? ሚሚን አዝዬ ዞርኩ። ዳቦ ቆሎ በትከሻዬ ላይ አቀብላታለሁ። ጥግ ላይ ባለች ትንሽ መድረክ፣ ላባ የሰካች ሴት ትዘፍናለች፤ ባለፍኩ ቁጥር የዘፈኗን አንዳንድ ቁራጭ ብቻ እሰማለሁ። መጨረሻውን አንድም ጊዜ አልደረስኩበትም።

«ጋሼ፣ አይመሽብንም?» እላለሁ ሳልፍ።

«አሁን፣ አሁን!»

ዞሬ ስመለስ፣ «ጋሼ፣ ልጅቱ እያሳላት ነው።»

«አንቺ! ስታልፊ እኮ ነው የሚቀናኝ። እግረ ርጥብ ነሽ፣ ዙሪ!»

ጎናቸው የተቀመጡት ፈረንጆች ሳይገባቸው አብረው ሳቁ። እኔ ግን ሚሚ ጀርባዬ ላይ ሲር ሲር ስትል ይሰማኛል። እንዳልሄድ መውጫ የለኝም፤ እንዳልቀመጥ ወንበሩ ሁሉ የቁማርተኛ ነው። ዩኒፎርም የለበሰ ሁሉ ያስፈራኝ ነበር፤ ከአራተኛ ክፍል የወጣሁ፣ ቋንቋ የሌለኝ ሰው ነኝ። እንደገና ጋሼ ጋ ስደርስ ግን ቆምኩ።

«እለፊ እንጂ!»

«እግሬ ደረቀ፣ ጋሼ።»

ጠባቂው መጣ። በእጁ ሂጂ አለኝ፤ አልሄድኩም። ከማን ጋር ነሽ ሲለኝ ገባኝ። ታላቅን በጣት መጠቆም ነውር መሆኑን እያወቅሁ በጣቴ ጋሼን አሳየሁት።

ትከሻቸውን መታ መታ አድርጎ በሩን አሳያቸው። ተነሡ።

መኪና ውስጥ፣ ቁልቁለቱን ጨርሰን የሚሚ ትንፋሽ ረገብ ሲል፣ «አስወጣሽኝ እኮ፣ አንቺ ልጅ!» አሉ።

«እኔ ነኝ? ጠባቂው ነው እንጂ።»

ሳቁ። ነፍሳቸውን ይማር፤ ከዚያ በኋላ ስለዚያ ምሽት አንስተውብኝ አያውቁም።

«ማሚ? ሄሎ?» አለች ሚሚ። ልጄም ደግ ናት። «እሺ» ልል አፌን ከፈትኩ፤ አፍ የለመደውን ነው የሚለው። ቀጥ ብዬ ቆምኩና፣ «አልሄድም፣ የኔ ልጅ። ባይሆን አንቺ እራት እኔ ጋ ነይ» አልኳት።

«ኦኬ፣ ካንስል አደርገዋለሁ» አለች፤ ይኸው ነው። ያኔ «እምቢ» የምትለዋን ቃል የሚናገርልኝ ጠባቂ አስፈልጎኝ ነበር።